የጀልባችንን ሆድ በሥርዓት ከፍተው በሥርዓት ለዘጉልን ባለሙያ

እጃቸው ይባረክ! ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ዓሣ የምናሰግርባት 5.5 ሜትር የፋይበር ግላስ ጀልባችን በመጨረሻ ደንበኛ የፕሮፔለር (ጀልባዋን የሚገፋው ተሽከርካሪ ምላስ) ቦይ አገኘች። ምስጋናችንን ፊት ለፊት ነግረናቸዋል፤ ግን አልበቃንም። ይህን ሥራ ለማሠራት የሚያስብ ሁሉ እንዲያውቀው በአደባባይ መነገር አለበት።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው፦ የጀልባዋ ሆድ ከኋላ በኩል ወደ ላይ ገባ ተደርጎ ቦይ ይወጣለታል። ጀልባዋ ስትሄድ ውሃው ቦዩን ሞልቶ ከፍ ብሎ ስለሚወጣ፣ ከኋላ የሚንጠለጠለውን ሞተር ከፍ አድርጎ መስቀል ይቻላል። የእኛ ሞተር አሁን ከድሮው 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሏል። ሲያወሩት ትንሽ ነው። ደለል ላይ ግን ገብቶ መውጣትና ተተክሎ መቅረት የሚለዩት በዚችው 10 ሴንቲ ሜትር ነው።

ከዚህ በፊት የተሠራው ቦይ ሲታሰብ ዛሬም ያንገበግባል። ስምም ቦታም አንጠቅስም፤ ስህተቱን ግን እንናገራለን፣ ሌላ ሰው ላይ እንዳይደገም። ቦዩ በ50 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ብቻ 12 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ እንዲደርስ ተደርጎ ተቆረጠ፤ ከ13 ዲግሪ በላይ የሆነ ተዳፋት ማለት ነው። ውሃ እንዲህ ያለውን ድንገተኛ መታጠፊያ ተከትሎ አይወጣም። ከቦዩ ጣሪያ ይላቀቅና ክፍተቱን አየር ይይዘዋል፤ ፕሮፔለሩ አየር ሲመታ ሞተሩ ይጮሃል፣ ጀልባዋ ፈቀቅ አትልም። ይህ ሳያንስ የሆዱን ጥንካሬ የሚይዘው ቁመታዊ አጥንት ለቦዩ ቦታ ተብሎ ተቆረጠና ሳይቀጠል ቀረ። የኋላ ግድግዳው ሲከፈት የተጋለጠው ፕላይውድ ምንም ሳይቀባ ውሃ ሲጠጣ ከረመ። ፋይበር ግላሱም ያልተፋቀ ቀለም ላይ ስለተለጠፈ እንደ ልጣጭ ተገሽልጦ ወጣ። ሲጠየቅ የተሰጠው መልስ «ሞተራችሁ ነው የደከመው» የሚል ነበር!

እኚህ ባለሙያ ግን የመጀመሪያውን ቀን ግራይንደር እንኳ አልነኩም። ጀልባዋን ውሃ ላይ አስወርደው ነዳጁም፣ መረቡም፣ በረዶውም፣ ሰዉም እንደ ሥራ ቀን እንዲጫን አደረጉ። ከዚያ ውሃው የደረሰበትን መስመር ከፊትም ከኋላም፣ በሁለቱም ጎን ምልክት አደረጉበት። ቀጥሎ ሒሳብ ያዙ። የድሮውን ቦይ ጠቅልሎ የሚይዘው አዲሱ ቦይ ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 36፣ ጥልቀቱ ከዜሮ ተነሥቶ የኋላ ግድግዳው ጋ ሲደርስ 12 ሴንቲ ሜትር ነው። አማካይ ጥልቀቱ 6 ስለሆነ ሲባዛ ወደ 26 ሊትር ይመጣል፤ ማዕዘኖቹ ስለሚከብቡ ትንሽ ይቀንሳል። «ይህን ያህል ቦታ ውሃ ይገባበታል፤ ስለዚህ 26 ኪሎ ጭነት ኋላ ላይ እንደተጨመረባችሁ ቁጠሩት» አሉን። ባትሪውና የነዳጅ ጋኑ ከኋላ ተነሥተው ወደ መሀል እንዲገቡ ያደረጉት ገና ከመቁረጣቸው በፊት ነው። ብዙ ሰው ይህን የሚያስታውሰው ጀልባው ኋላው ሰምጦ አፍንጫው ሰማይ ካየ በኋላ ነው።

ተዳፋቱ አሁን ከ6 ዲግሪ አያልፍም። የፕሮፔለሩ ዲያሜትር 29 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ በየጎኑ 3.5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ተርፎታል።

የማጣበቅ ሥራቸውን ያየ ሰው ሌላ አይፈልግም። ሆዱ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ የተቆረጠውን ጠርዝ ዙሪያውን 72 ሚሊ ሜትር ድረስ በስሱ አሰልተው ፈገፈጉት፣ ለ1 ውፍረት 12 እጥፍ ስፋት መሆኑ ነው። መጋጠሚያው የሚጸናው በዚህ ስፋት ነው እንጂ በሙጫው ብዛት አይደለም። የረጠበው ፕላይውድ የበሰበሰው ወጥቶ፣ ቀሪው እስኪደርቅ ተጠብቆ፣ ጠርዙ ሁሉ ኢፖክሲ፣ ማለትም ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክር ሙጫ፣ ጠጣ። እኛ ብንቸኩልም እሳቸው አልቸኮሉም። ለአሮጌ ፋይበር ግላስ ኢፖክሲን የመረጡት ከፖሊስተር ሙጫ ይልቅ የደረቀ ገጽ ላይ አጥብቆ ስለሚይዝ ነው። የፋይበር ግላሱ ጨርቅም የተሰፋው ዓይነት ነው፤ ከተከታተፈ ክር የሚሠራው ምንጣፍ ማያያዣው ብዙውን ጊዜ በፖሊስተር እንጂ በኢፖክሲ አይሟሟም። ማጠንከሪያውን ፈሳሽ (ሃርድነሩን) «ቶሎ ይድረቅ» ብለው አልጨመሩም፤ የኢፖክሲ ልኬት ከተዛባ እስከመቼውም በደንብ አይጠነክርም። አንዱ ንብብር ከደረቀ በኋላ ላዩ ላይ የሚወጣውን ሰም መሰል ነገር በውሃ አጥበው፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽተው ነው ሌላውን የደረቡት። የተቆረጠውንም አጥንት በቦዩ ግራና ቀኝ አዙረው ከኋላ ግድግዳው ጋር መልሰው አገናኙት።

አንድ ነገር ደግሞ ሳይነሣ አይታለፍ። ቦዩ የኋላ ግድግዳው ላይ የሚያበቃበትን ጠርዝ ስለት አድርገው ተዉት። ለዓይን እንዲያምር ብሎ ማክበብ ስህተት ነው፤ ውሃው ክቡን ተከትሎ ይጣመማል፣ ፕሮፔለሩም የተረበሸ ውሃ ይደርሰዋል።

የሙከራውን ቀን ግን አንረሳውም። ሞተሩን በመስቀያው ላይ አንድ አንድ ቀዳዳ፣ ማለትም 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ እየጨመሩ ከፍ አደረጉት። ዓይናቸው ሞተሩ ከሚተፋው ቀጭን የማቀዝቀዣ ውሃ ክር አልተነቀለም። በመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ጀልባዋ በኃይል ስትታጠፍ ክሩ ሳሳ። እኛ ልብ ሳንለው ሞተሩን አጥፍተውት ነበር። የማቀዝቀዣው ውሃ መግቢያ ያለው ሞተሩ እግር ላይ ነው፤ ከመጠን በላይ ከፍ ሲል ውሃ በመሳብ ፈንታ አየር ይስባል፣ የፓምፑ ጎማ ደርቆ ይቃጠላል፣ ከዚያ ሞተሩ ይከተላል። አንድ ቀዳዳ ዝቅ አደረጉትና ደግመው በግራም በቀኝም አዞሩት። ክሩ አልተቆረጠም። በዚያች ቅጽበት ያዳኑልን ሞተር ነው።

የማይሆነውንም ሳይደብቁ ነገሩን። ከቦይ በኋላ ፍጥነት ትንሽ ይቀንሳል፤ ሙሉ ጭነት ይዞ ለመነሣት ጊዜ ይወስዳል፤ ወደ ኋላ መሄድም ይደክማል። ሹል መታጠፊያ ላይ አየር የሚያስቸግር ከሆነ የምላሱ ጫፍ ቆልመም ያለ ፕሮፔለር ውሃውን የተሻለ ይይዛል ብለውናል።

ሲጨርሱ የቦዩን ልኬት፣ የተዳፋቱን ዲግሪና ሞተሩ የተሰቀለበትን ቀዳዳ በማይጠፋ ቀለም የባትሪው ሳጥን ክዳን ውስጥ ጻፉልን። «ነገ ሌላ ሰው ቢጠግናት እንዳይገምት» አሉ። ለሚቀጥለው ሠራተኛ ጭምር የሚያስብ ሰው! ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁን፤ እሳቸውን አስፈቅደን እናገናኛችኋለን። እባካችሁ ወደ ሌላ አትሂዱ፣ ጀልባ እንደ እኛዋ ሁለት ጊዜ መቆረጥ የለበትም። ስትሄዱ የፕሮፔለራችሁን ዲያሜትር፣ የሞተሩን ክብደትና በሥራ ቀን የምትጭኑትን ሁሉ ዝርዝር ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።