«20,000» የሚል የጓሮ ባቡር ባትሪና ሶላር የገዛችሁ ካላችሁ አሁኑኑ ንቀሉት

ይህን የምጽፈው ገንዘቤ ስለተበላ አይደለም፤ ገንዘቡን አስመልሻለሁ። የምጽፈው ባትሪው መጨስ ሲጀምር የ76 ዓመት አዛውንት አባቴ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ተቀምጠው ስለነበር ነው። ዕቃው ደግሞ ዛሬም እየተሸጠ ነው።

በኢንተርኔት ገበያ ላይ የጓሮ ባቡርን፣ ማለትም ግቢ ውስጥ በተዘረጋ ትንሽ ሐዲድ ላይ የሚሄደውን አነስተኛ ባቡር፣ ያለ መብራት መስመር ለማስኬድ ተብሎ የሚሸጥ ሙሉ ስብስብ ነው። በ189 ዶላር ገዛሁት። በሰማያዊ ፕላስቲክ የተጠቀለለ «12 ቮልት፣ 20,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት» የሚል ባትሪ፣ «60 ዋት» የሚል የሶላር ፓነል፣ በሁለቱ መካከል የሚገባ ጥቁር የቻርጅ መቆጣጠሪያ፣ እንዲሁም ባቡሩን ከሩቅ የሚያዝ ሪሞት ከነመቀበያው አለው።

አባቴ የድሬዳዋ ሸሚኖ ናቸው፤ የምድር ባቡር ሠራተኛ ማለት ነው። የለገሃርን ሰዎች የምታውቁ ይህ ቃል ምን እንደሚሸከም ታውቃላችሁ። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1902 ድሬዳዋ ደርሶ ነው ከተማዋ የተቆረቆረችው፤ አዲስ አበባ እስኪገባ እስከ 1917 ድረስ ፈጅቷል። አባቴ ጉልበታቸውን ወርክሾፕ ውስጥ ጨርሰው እኔ ጋ ሜሪላንድ ሲመጡ ቀኑ አልገፋ አላቸው። ስለዚህ ያገለገለ የኤል ጂ ቢ ሎኮሞቲቭ፣ ሦስት ፉርጎና ሐዲድ ገዝቼ ጓሯችን ውስጥ ዘረጋንላቸው። ኤል ጂ ቢ የኑረንበርጉ የሌማን ኩባንያ እንደ ፈረንጆቹ በ1968 ያወጣው የባቡር ዓይነት ነው። የሐዲዱ ስፋት 45 ሚሊሜትር ነው፤ ባቡሩ ከእውነተኛው 22.5 ጊዜ ያነሰ ስለሆነ ስፋቱ ሲባዛ አንድ ሜትር ከጥቂት ይመጣል። የእኛ የድሮው ሐዲድም ባለ አንድ ሜትር ነበር። ይህን ስነግራቸው «ሜትር አምጪ» ብለው ራሳቸው ለኩት።

እንዲህ ያለ ባቡር መብራቱን የሚያገኘው ከሐዲዱ ነው። ቤት ውስጥ ችግር የለውም። ደጅ ግን ናሱ ይጠቁራል፣ ቅጠል ይወድቅበታል፣ ዝናብ መጋጠሚያዎቹን ያበላሻል፤ ባቡሩም እየቆመ እየተነሳ ይሄዳል። አባቴ በየጠዋቱ አጎንብሰው ሐዲድ ሲፈትጉ ጉልበታቸው ታመመ። ባትሪውን ባቡሩ ራሱ ቢሸከመው፣ በሪሞት ቢታዘዝ፣ ባትሪውንም ፀሐይ ብትሞላው ይህ ሁሉ ይቀራል። በዚህ መንገድ በደህና የሚሠሩ ብዙ ሰዎች አሉ፤ ሐሳቡን አልነቅፍም። የምነቅፈው ይህን ዕቃ ነው።

መጀመሪያ የታዘብነው ጉልበቱን ነው። ባትሪው ላይ የተጻፈው 20,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት፣ ማለትም 20 አምፔር-ሰዓት፣ እውነት ቢሆን ኖሮ፣ ወደ 1 አምፔር የሚወስድ ሎኮሞቲቭ 20 ሰዓት ገደማ መሄድ ነበረበት። የእኛ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ቆመ። «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ጥቂት ጊዜ ሙሉትና ጨርሱት፣ ይነቃል» አለኝ ሻጩ። ይህን ምክር በፍጹም አትቀበሉ። ሊቲየም ባትሪ ማንቃት አያስፈልገውም፤ የመጀመሪያው ቀን ጉልበቱ ከሁሉም ይበልጣል።

በአራተኛው ቀን አባቴ በረንዳ ላይ ሆነው ባትሪው ከፓነሉ ጋር ተያይዞ ሲሞላ አንድ ሽታ መጣባቸው። «የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይመስላል፣ ጣፈጥ ይላል» ነው ያሉኝ። ከዚያ የማፏጨት ድምፅ ተሰማ፣ ሰማያዊው ፕላስቲክ ተጨማደደ፣ ቀጭን ጭስ ወጣ። ደግነቱ የወርክሾፕ ሰው ናቸውና አልነኩትም። የፓነሉን ገመድ ከሩቁ ነቅለው፣ ወንበራቸውን ትተው ወደ ግቢው መሃል ወጡና ጠሩኝ። እሳት አልተነሳም። የበረንዳው እንጨት ግን እስከ ዛሬ ጠቁሮ ይታያል። እናንተ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስ ባትሪውን ለማዳን አትሞክሩ፤ ጭሱ መርዛማ ነው፤ ራቁና 911 ደውሉ።

ከቀዘቀዘ ከአንድ ቀን በኋላ፣ በመብራት ኃይል ለረጅም ዓመታት ቴክኒሻን ሆነው የሠሩ፣ እኔ ጋሼ የምላቸው ጎረቤታችን መጥተው አዩት። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ልጄ፣ የወጥ ቤት ሚዛን አለሽ?» የሚል ነበር። እኔ የኤሌክትሪክ መለኪያ ይዘው ይመጣሉ ብዬ ነበር የጠበቅሁት። እናንተም ይህን ነገር እንድትይዙልኝ የምፈልገው ስለዚህ ነው፤ ማንም ሰው ቤቱ ባለው ዕቃ ሊያጣራው ይችላል።

በጥቅሉ ውስጥ ስድስት ሴሎች፣ ማለትም አንድ ላይ የተያያዙ ትናንሽ ባትሪዎች፣ ነበሩ። መጠናቸው 18650 የሚባለው ነው፤ 18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመት ማለት ነው። ጥሩ ሴል ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል፤ የሚይዘውም በታወቁት ፋብሪካዎች ምርት እንኳ ብዙውን ጊዜ ከ2,500 እስከ 3,500 ሚሊአምፔር-ሰዓት ነው። ስድስት እውነተኛ ሴሎች ወደ 280 ግራም መምጣት ነበረባቸው። የእኛ ከነሽቦው 190 ግራም ሆነ። ጋሼ በወረቀት አሰሉልኝ። ስድስቱ ሴሎች ጥንድ ጥንድ ሆነው በሦስት ደረጃ ተደርድረዋል፤ ሦስት ሴል ሲደረደር 11.1 ቮልት ነው፤ በ20 አምፔር-ሰዓት ሲባዛ 222 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ጥሩ የሚባል እንዲህ ያለ ሴል በአንድ ኪሎ ክብደት ወደ 260 ዋት-ሰዓት ነው የሚይዘው። እንግዲህ ይህ ባትሪ የተጻፈበትን ያህል ቢይዝ ኖሮ ከ800 ግራም በላይ መመዘን ነበረበት። 190 ግራም የሆነ ነገር ያንን መያዝ አይችልም። «9,900» ወይም «10,000» የሚል 18650 ሴል ካያችሁ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፣ ውሸት ነው።

ፓነሉንም በማስመሪያ ለካነው፤ 34 በ22 ሳንቲሜትር። ብርቱ ፀሐይ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የምታሳርፈው ወደ 1,000 ዋት ነው። በዚህ ስፋት ላይ የሚያርፈው ብርሃን በሙሉ 75 ዋት ገደማ ማለት ነው፤ ጥሩ ፓነል ከዚያ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው 20 ወይም 22 በመቶውን ነው። ስለዚህ ጥሩ ፓነል እንኳ ከዚህ ስፋት የሚያወጣው ከ15 እስከ 16 ዋት ገደማ ነው። በእኩለ ቀን ስንለካው 9 ዋት ሰጠ። ከጎረቤት ግቢ ያለው የኦክ ዛፍ ጥላ ጥጉ ላይ ብቻ ሲያርፍበት ደግሞ ከግማሽ በታች ወረደ፤ በፓነሉ ውስጥ ያሉት ቁርጥራጮች ተከታትለው የተያያዙ ስለሆኑ የአንዱ መጨለም ሌሎቹንም ይይዛቸዋል።

እስካሁን ያልኩት ማታለል ነው። አሁን የምለው ግን ሰው የሚገድል ነገር ነው፣ በጥሞና አንብቡልኝ።

የቻርጅ መቆጣጠሪያው ጀርባ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ስናነብ የተሠራው ለሊድ አሲድ ባትሪ ነው፤ የመኪና ባትሪ ዓይነት ማለት ነው። እስከ 14.4 ቮልት ድረስ ይሞላል። ለመኪና ባትሪ ትክክል ነው። ሦስት የሊቲየም ሴሎች ግን ሲሞሉ 12.6 ላይ ማቆም አለባቸው፣ እያንዳንዱ 4.2 ማለት ነው። ይህ መቆጣጠሪያ እያንዳንዱን ሴል ወደ 4.8 ቮልት ይገፋዋል። ሊቲየም ሴል ከልኩ በላይ ሲሞላ ውስጡ ይፈርሳል፣ ይግላል፣ ጋዝ ያወጣል፣ ይቀጣጠላል። ይህን የሚከላከል ትንሽ የመከላከያ ሰሌዳ በጥቅሉ ውስጥ ሊኖር ይገባ ነበር። ማስታወቂያው «መከላከያ ያለው» ይላል። ፕላስቲኩ በቀለጠበት በኩል ስናይ ግን ሽቦዎቹ በቀጥታ ከሴሎቹ ጋር ተበይደዋል፣ ምንም ሰሌዳ የለም። «12 ቮልት» የሚለው ቃል ነው ሰውን የሚያሳስተው፤ ባትሪውም መቆጣጠሪያውም 12 ስለሚሉ የሚስማሙ ይመስላሉ።

የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን በ2021 ሰው ነጠላ 18650 ሴሎችን ገዝቶ እንዳይጠቀም አስጠንቅቆ ነበር፤ እነዚህ ሴሎች ለፋብሪካ እንጂ ለእኛ እጅ የተሠሩ አይደሉም። ይህን ያወቅሁት ከገዛሁ በኋላ መሆኑ ይቆጨኛል።

ሪሞቱም ቢሆን አደጋ አለው። «200 ሜትር» ይላል፤ ባቡሩ ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ሲዞር በ15 ሜትር ላይ ግንኙነቱ ተቋረጠ። ግንኙነት መቋረጡ ብቻውን አያስደነግጥም፤ ደህና መቀበያ ምልክቱን ሲያጣ ሞተሩን ያቆማል። ይህኛው ግን በያዘው ፍጥነት ቀጠለና ኩርባው ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ ተገለበጠ። ሕፃናት ያሉበት ጓሮ ቢሆንስ? ማንኛውንም የጓሮ ባቡር ሪሞት ስትገዙ ሎኮሞቲቩን አንስታችሁ መንኮራኩሮቹ በአየር ላይ እየዞሩ ሪሞቱን አጥፉት፤ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ካልቆመ መልሱት። በአሜሪካ የሚሸጥ ገመድ አልባ ማሰራጫ ደግሞ የፌዴራል ኮሙኒኬሽንስ ኮሚሽን መለያ ቁጥር ሊኖረው ይገባል። የዚህ ሪሞት ጀርባ ባዶ ነው።

ለሻጩ ፎቶዎቹን ስልክለት መጀመሪያ 20 ዶላር ልመልስልሽ፣ ጥሩ አስተያየትም ጻፊ አለኝ። እምቢ ስል ዕቃውን በራሴ ወጪ ወደ ውጭ አገር እንድልክ፣ ከደረሰ በኋላ ገንዘቡን እንደሚመልስ ነገረኝ። ይህ ወጥመድ ነው። የተጎዳ ሊቲየም ባትሪ በአውሮፕላን መላክ ክልክል ነው፤ እሱም ያውቃል። እንዲህ ያለ ሁኔታ ሲያቀርብላችሁ ክርክሩን ትታችሁ በቀጥታ ወደ ካርዳችሁ ባንክ ሂዱ። እኔ የሚዛኑን፣ የማስመሪያውንና የመቆጣጠሪያውን ጽሑፍ ፎቶ ከማስታወቂያው ቅጂ ጋር አያይዤ ጻፍኩ፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ ገንዘቡ ተመለሰ። የክሬዲት ካርድ ቅሬታ ሂሳቡ ከተላከላችሁ ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መቅረብ እንዳለበት አትርሱ። ሻጩ በቀጥታ ገንዘብ በማስተላለፊያ እንድትከፍሉት ከጠየቀ፣ ቅናሽም ቢያደርግ አትስማሙ፤ በዚያ መንገድ የሄደ ገንዘብ የሚመለሰው በጭንቅ ነው። ማስታወቂያውን ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም አመልክቻለሁ።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ እውነተኛው ትንሹ ዕቃ በበቃን ነበር። አባቴ በቀን ከሁለት ሰዓት በላይ አያስኬዱም። አሁን ያለን ከታወቀ የባቡር ዕቃ መደብር የተገዛ፣ መከላከያ ያለው፣ 14.8 ቮልት 2,600 የሚል ባትሪ ነው፤ 38 ዋት-ሰዓት ብቻ፣ ግን የሚለውን ያህል ይይዛል። የሚሞላውም ለሊቲየም በተሠራ፣ 16.8 ላይ በሚያቆም ቻርጀር ነው። ያ 9 ዋት ፓነል እንኳ «9 ዋት ነኝ» ብሎ ቢመጣና ትክክለኛ መቆጣጠሪያ ቢኖረው በአንድ ጥሩ የፀሐይ ቀን ይህን ባትሪ ይሞላው ነበር። ክረምት ሲገባ ከዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች አንሞላም፤ ቅዝቃዜ ላይ መሙላት ሴሉን ከውስጥ ያበላሸዋል።

ባቡር የሌላችሁም ይህ ይመለከታችኋል። መብራት ለሚጠፋባቸው ቤተሰቦቻችን የሶላር መብራትና ፓወር ባንክ ገዝተን በሻንጣ የምንወስድ ብዙዎች ነን፤ በእነዚያ ውስጥ ያለው ያው 18650 ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ክብደቱን ጠይቁ፣ የፓነሉን ስፋት ለኩ። ፓወር ባንክና ትርፍ ባትሪ ደግሞ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይገባም።

የእኛን የተቃጠለ ባትሪ ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍነን፣ አሸዋ ባለበት የብረት ባልዲ ውስጥ አድርገን ካውንቲው አደገኛ ቆሻሻ ወደሚቀበልበት ቦታ ወሰድነው። ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አትጨምሩት።

ትናንት ማታ ያው ፎቶ በሌላ የሻጭ ስም በ159 ዶላር ወጥቶ አየሁት። ሰማያዊ ጥቅል፣ ከባትሪው የሚወጡ ሁለት ሽቦዎች ብቻ፣ ሁለት ቁልፍ ያለው ጥቁር መቆጣጠሪያ፣ አንቴና የሌለው ግራጫ ሪሞት ነው። ቤታችሁ ካለ ከፓነሉ አላቅቁትና ከእንጨት፣ ከጋራዥና ከመኝታ ቤት አርቃችሁ ደጅ፣ ጠጠር ወይም ኮንክሪት ላይ አስቀምጡት።