በራስ ቡድን መመልመል ወይስ በኤጀንሲ?

ድሬዳዋ ላይ ለመጋዘን ወይም ለፋብሪካ 40 ሠራተኛ በአንዴ ሲፈለግ የቅጥር ቡድን ኃላፊው ከዚህ ምርጫ አያመልጥም።

ወጪ
በራስ፦ ማስታወቂያና የቡድኑ የሥራ ሰዓት።
በኤጀንሲ፦ በተቀጣሪ ቁጥር የሚታሰብ ክፍያ። ከፋዩ አሠሪው ብቻ መሆኑ በውሉ ላይ ይስፈር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል ሥራ አገናኝ (ኤጀንሲ) ከሥራ ፈላጊው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ገንዘብ አይቀበልም። ከችግረኛ ወጣት የሚቀበል ከተገኘ ውሉን ማቋረጥ ነው፤ ይህ ለድርድር አይቀርብም።

ፍጥነት
ኤጀንሲ የተመዘገቡ ሰዎች ስላሉት ይቀድማል።

ስጋት
በራስ፦ ዋናው ችግር የዘመድ ጥቆማ ነው። ጥቆማ አይከልከል፤ ግን ጠቋሚው ከቃለ መጠይቁ ይውጣ፣ ሁለት ሰው ለየብቻ ነጥብ ይስጥ። ሌላው ስህተት በቴሌግራም ብቻ ማስታወቅ ነው። ከተማ ውስጥ ከዚራ ሰፈር ያለው ያየዋል፣ ገጠር ቀበሌ ያለው አይሰማም። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ታትሞ ቀበሌ ይለጠፍ።
በኤጀንሲ፦ የፈረቃ ሰዓትና ደመወዝ ተድበስብሶ ይነገርና ሰው በሳምንቱ ይጠፋል። የሥራ መዘርዝሩን ራስዎ ጽፈው ይስጡ፤ ለሚለቅ ሰው ያለክፍያ ምትክ እንዲያቀርብም ያስፈርሙ።

በሁለቱም መንገድ የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ካልተያዘ አይጸናም። ጣሪያው 60 የሥራ ቀን ነው፣ በሳምንት 6 ቀን ለሚሠራ 10 ሳምንት ገደማ። ምዘናው በ30ኛውና በ50ኛው ቀን ይደረግ፤ 60ው ካለፈ ረፍዷል።

ለሒሳብ ሹም፣ ለቴክኒሻንና ቁልፍ ለሚይዝ ሰው የራስ ምልመላ ይሻላል። ለወቅታዊ ጫኝና አውራጅ፣ ወይም ቡድኑ ሁለት ሰው ብቻ ሲሆን ኤጀንሲ።