ኢፓኔት 2.2፦ ከአሥር ወር ሥራ በኋላ

የአንዲት አነስተኛ ከተማ የውሃ መስመር ዲዛይን ሲሰጠኝ ነው ኢፓኔትን በደንብ የያዝኩት። በቧንቧ መስመር ውስጥ የውሃውን ፍሰትና ግፊት የሚያሰላ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። የሚያዘጋጀው የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ሲሆን ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። እኔ የምሠራበት 2.2 በ2020 የወጣው ነው። ላይሰንስ አይጠይቅም፣ ኢንተርኔት አይፈልግም። 4 ጊጋ ራም ባላት አሮጌ ላፕቶፔ 200 ኖድ (ቧንቧዎች የሚገናኙበት ወይም ውሃ የሚወጣበት ነጥብ) ያለውን መስመር የ24 ሰዓት ስሌት ወዲያው ይጨርስልኛል። ሳይት ላይ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ቁጥር እየቀየርኩ ያየሁባቸው ቀናት ብዙ ናቸው።

ኮረብታው ላይ ያለው ቦኖ ግን ብዙ አስተምሮኛል። ውሃ በሚበዛበት ጠዋት 1 ሰዓት ላይ 17 ሜትር ግፊት (ውሃውን 17 ሜትር ወደ ላይ ማውጣት የሚችል) ያሳየኝ ነበር። የምንፈልገው ቢያንስ 15 ስለሆነ ደስ ብሎኝ አለፍኩት። ከሳምንታት በኋላ መስመሩን ደግሜ ሳጣራ ዲያሜትሩን 63 ሚሊ ሜትር ብዬ እንዳስገባሁት አየሁ። 63 የኤችዲፒኢው (የፕላስቲክ ቧንቧው) የውጭ ልክ ነው፤ የፕላስቲኩ ዓይነት ፒኢ 100፣ የግፊት ደረጃው ፒኤን 10 ከሆነ ውሃው የሚያልፍበት ውስጡ 55.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ትንሽ ልዩነት ትመስላለች፤ በሄዘን ዊልያምስ ቀመር ሲሰላ ግን ሄድ ሎሱ (ውሃው በቧንቧው ሲያልፍ በሰበቃ የሚያጣው ግፊት) ወደ 1.9 እጥፍ ይደርሳል። አስተካክዬ ሳስኬደው 17 የነበረው ከዜሮ በታች 3 ሆነ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ፕሮግራሙ ግፊቱ ኔጌቲቭ መሆኑን ያስጠነቅቃል፤ ቦኖው የጠየቀውን ውሃ ግን ሙሉውን እንዳገኘ አድርጎ ይመዘግባል። ካልቀየራችሁት የሚያሰላው በዲዲኤ (ግፊቱን ሳያይ የተጠየቀውን ውሃ ሁሉ በሚሰጥ ስሌት) ስለሆነ በሰከንድ 0.5 ሊትር ያላችሁት ቦታ ግፊት ኖረም አልኖረም 0.5 ሊትር ይወስዳል። ሰንጠረዡን ብቻ ያየ ሰው ውሃ ደርሷል ብሎ ይፈርማል፤ ጀሪካን ደርድራ የምትጠብቀው እናት ግን ባዶ እጇን ትመለሳለች። ስለዚህ ሃይድሮሊክ ኦፕሽን ውስጥ ገብታችሁ ወደ ፒዲኤ (የሚደርሰውን ውሃ በግፊቱ ልክ ወደሚያሰላው) ቀይሩትና ዝቅተኛውንና የሚፈለገውን ግፊት ስጡት። በ2.2 ከመጣው ሁሉ ይሄን የሚያህል የለም። ቦኖው ምን ያህል ውሃ እንደሚጎድለው ያየሁት በዚህ ነው። መስመሩን ውስጡ 79.2 ወደሆነው ባለ 90 አሳደግነው።

የማልወድለት ነገርም አለ። ያጠፉትን መመለሻ (Undo) የለውም፤ በስህተት የሰረዛችሁትን ኖድ እንደገና መሥራት ነው፣ ቶሎ ቶሎ ሴቭ አድርጉ። ሲከፈት የፍሰት መለኪያው የአሜሪካ ጋሎን በደቂቃ ስለሆነ ቧንቧ ከመሳላችሁ በፊት ወደ ሊትር በሰከንድ ለውጡት።

ከሁሉም የከበደኝ የፈረቃው ጉዳይ ነው። ኢፓኔት ቧንቧው ሁልጊዜ ሙሉ ነው ብሎ ያሰላል። ሦስት ቀን ደርቆ የቆየ መስመር ውሃ ሲለቀቅበት እስኪሞላ የሚፈጀውን ጊዜና የሚገፋውን አየር አያሳይም። ያንን አሁንም በእጄ እያሰላሁ፣ የአየር ማስወጫ ቫልቩን ቦታ ከቀያሹ ጋር መሬቱን በእግር ሄደን ነው የምንወስነው።