ሲገባ በቅጽበት፣ ሲወጣ በቀጠሮ

እዚህ አሜሪካ አክሲዮን የምገዛበት አፕ፣ ገንዘብ ማስገባቱ ላይ ምንም አይወጣለትም። ቼኪንግ አካውንትህን (የዕለት ተዕለት የባንክ ሂሳብህን) ታገናኛለህ፣ መጠኑን ትጽፋለህ፣ አለቀ። ገንዘቡ ከባንክ ገና ሳይደርስ የተወሰነውን ቀድመው ይለቁልሃል፤ እዚያው መግዛት ትችላለህ። ክፍያም የለውም። ለዚህ አምስት ኮከብ ብሰጣቸው አይበዛባቸውም።

ጉዱ ያለው ማውጣቱ ላይ ነው። አፑ «ለመግዣ ያለህ 2,000 ዶላር» ይላል። እስቲ ላውጣ ስትል «ማውጣት የምትችለው 0» ይልሃል። ተበላሁ ብሎ የሚደነግጥ አለ። አልተበላህም። ገንዘቡ የመጣው በኤሲኤች፣ ማለትም የአሜሪካ ባንኮች ገንዘብ በሚለዋወጡበት የተለመደ መንገድ ነው፤ የባንክ ደንበኛ ደግሞ «ይሄን እኔ አላዘዝኩም» ብሎ ካመለከተ ከሳምንታት በኋላም ተመልሶ ሊሄድ ይችላል፣ ስለዚህ ብሮከሩ (አክሲዮኑን የሚያገበያይህ የአፑ ድርጅት) አዲስ የገባውን ለተወሰኑ የሥራ ቀናት ይዞ ያቆየዋል። ብዙዎቹ ጋ አንድ ሳምንት አካባቢ ነው። ምክንያቱ ይገባኛል። የማይገባኝ፣ ስታስገባ በትልቁ መጻፍ ሲችሉ ገጹ መጨረሻ ላይ የጉንዳን እግር በሚያህል ፊደል መደበቃቸው ነው።

ሸጦ ማውጣት ደግሞ ሌላ ቀጠሮ አለው። ከሜይ 28፣ 2024 ጀምሮ የአክሲዮን ሽያጭ ሂሳቡ የሚዘጋው በአንድ የሥራ ቀን ነው፤ ቀድሞ ሁለት ቀን ነበር። ሰኞ የሸጥከው ማክሰኞ ጥሬ ገንዘብ ይሆናል፣ ባንክህ እስኪደርስ አንድ ሁለት ቀን ጨምርበት። በኮሎምበስ ቀንና በቬተራንስ ቀን ገበያው ክፍት ነው፣ እንደልብህ ትሸጣለህ፤ ባንክ ግን ዝግ ስለሆነ ገንዘቡ ንቅንቅ አይልም።

እኛን ለይቶ የሚያሠቃየን ስም ነው። ባንክ ላይ «ገብረማርያም» ተገጥሞ፣ ብሮከሩ ጋ «ገብረ ማርያም» ተነጣጥሎ ከተጻፈ ሲስተሙ ሁለት ሰው ያደርግሃል። እኔም በዚሁ ጣጣ የባንክ ስቴትመንትና መታወቂያ ላክ ተባልኩ። ላክሁ። በሌላ ቀን ሌላ ሠራተኛ ስልኩን አንስቶ ያንኑ እንደገና ላክ አለኝ፤ የመጀመሪያው የት እንደገባ የሚያውቅ የለም! ደግነቱ ያነጋገሩኝ ሰዎች ጨዋ ናቸው፣ ስልክም ብዙ አያስጠብቁም።

እቁብ የደረሰው ሰው ካለ ደግሞ፣ ዳኛው በቀጥታ ወደ ብሮከሩ እንዲልክለት አይድከም። በሌላ ሰው ስም የመጣ ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ይመልሱታል። ያንተ ስም ከሌለበት የሚስትህ አካውንትም ያው ነው። መጀመሪያ በራስህ ቼኪንግ ይግባ።

የሚያስቸኩል ነገር ካለህ ዋየር የሚባል ፈጣን የባንክ መላኪያ አለ፤ ጠዋት ካዘዝከው አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀን ይደርሳል፣ ግን ብዙ ቦታ 25 ወይም 30 ዶላር ያስከፍላል። ስታስገባ ደግሞ ሌላው ዘዴ፣ አፑ ከባንክህ እንዲስብ ከማዘዝ ይልቅ ራስህ ከባንክህ በኩል መላክ ነው። ሲደርስ ትንሽ ይዘገያል፤ ከደረሰ በኋላ ግን እንደ ሌላው ብዙ አይታገድም።

ሁሉም ነገር ሰልችቶህ ወደ ሌላ ብሮከር ልትሄድ ካሰብክ አክሲዮኑን አትሽጠው፣ በትርፉ ላይ ታክስ ይመጣብሃል። አዲሱ ብሮከር እንዳለ ያዛውርልሃል። የድሮው 75 ወይም 100 ዶላር መሸኛ ሊቆርጥ ይችላል፤ አዲሱን ተካልኝ በለው፣ ብዙዎቹ እሺ ይላሉ።