የደብረ ብርሃን ሰልባጅ የሩጫ ጫማ፦ ከጉዳት ለሚመለስ ሯጭ ይሆናል?

ፍርዱን አስቀድመን እንናገር፦ በደንብ የተመረጠ ሰልባጅ ከአዲስ ፎርጅድ ይሻላል። ፎርጅዱ ላይ የተደከመበት አርማው ነው፤ ስፖንጁ ብዙውን ጊዜ ወይ ድርቅ ያለ ነው ወይ ቶሎ ይተኛል። እግሩ ገና ያላገገመ ሰው ደግሞ ይህን የሚያውቀው ሕመሙ ሲመለስ ነው።

ጣጣው ምርጫው ላይ ነው። የሩጫ ጫማ ስፖንጅ በግምት ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ያገለግላል፤ የፊተኛው ባለቤት ስንቱን እንደጨረሰው ሻጩም አያውቅም። ታጥቦ የሚያበራውን ላዩን ተዉትና ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጣችሁ ከኋላ እዩት። ተረከዙ ወደ አንድ ጎን ካዘመመ አትግዙ። የስፖንጁ ጎን በጥልቅ መስመር ከተጨማደደና በአውራ ጣት ሲጫኑት ካልተነሳ አልቋል። ስታጥፉት መታጠፍ ያለበት ጣቶች በሚታጠፉበት በኩል ነው፤ ወገቡ ላይ እጥፍ ካለ መልሱት። ማስቲሽ ከሸተተ ሶሉ ተላቅቆ ተለጥፏል፣ ኮብልስቶን ላይ ደግሞ መላቀቁ አይቀርም። ቁጥሩ ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ ምላሱ ላይ የተጻፈውን ሴንቲ ሜትር ተመልከቱ። እግር ካበጠ በኋላ፣ ማለትም ከሰዓት፣ በካልሲ ሞክሩት፤ ከትልቁ ጣት ፊት የአንድ አውራ ጣት ስፋት መትረፍ አለበት።

«አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አይደል የሮጠው?» የሚል አይጠፋም። የትውልድ ቀዬው ጃቶ ከዚሁ አካባቢ ስለሆነ ክርክሩ ይጣፍጣል። ግን አበበ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ጫማ የተወው የቀረበለት ስላልተስማማው ነው። በ1964 ቶኪዮ ላይ፣ ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ጥገና ከተደረገ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ያሸነፈው ጫማ አጥልቆ ነው።

የተረከዝ ጅማት የሚያመው ሰው ተረከዙ ከፊቱ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ያለውን ጫማ ይምረጥ፤ ዝቅ ያለው ሸክሙን ባትና ጅማት ላይ ይጥለዋል። ችግሩ ጉልበት ከሆነ በጣም ከፍ ያለው ይቅርበት። ሶሉ ውስጥ የካርቦን ሳህን ያለበት የውድድር ጫማ በርካሽ ሲገኝ ያስጎመጃል። ለዚህ ሰው ግን አይሆንም፤ ስፖንጁ ቶሎ የሚሞት ነው፣ ጠንካራው ሳህንም እግር ባልለመደው ቦታ ላይ ይጫናል።

ያም ሆኖ ጫማ አያድንም። ለጅማቱ የሚሠራው ደረጃ ጫፍ ላይ ቆሞ ተረከዝን በዝግታ ማውረድ ነው፦ 15 ጊዜ በ3 ዙር፣ ጠዋትና ማታ፣ ጉልበት ተዘርግቶም ታጥፎም፣ ለ12 ሳምንት። ብዙ ሰው የሚተወው ለውጡ ሳይታይ ነው። ወኔ የሚሰብረው ደግሞ ከድሮ ሰዓት ጋር መወዳደር ነው፤ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አርፎ ለተመለሰ ሳንባ ይህ ፉክክር ፍርደ ገምድል ነው። ፍጥነቱን ትታችሁ ዙር ቁጠሩ፦ 1 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፣ 8 ጊዜ፣ ቀን እየዘለላችሁ። በማግስቱ ጠዋት ሕመሙ ካልባሰ ሶምሶማው ላይ ትንሽ ጨምሩ። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውን ቁልቁለት ለጊዜው እርሱት፤ ቁልቁለት ጉልበትንና አገዳን ከዳገት በላይ ይቀጠቅጣል።

አገዳ ላይ በአንድ ጣት ሲጫኑት ነጥሎ የሚያም ቦታ ካለ፣ በተለይ ሌሊት የሚጠዘጥዝ ከሆነ፣ የትኛውም ጫማ አይፈታውም፤ ሩጫው ቆሞ ሐኪም ይየው። የአጥንት ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራጅ ላይ ላይታይ ስለሚችል «ራጁ ንጹህ ነው» ብሎ ወደ ሩጫ መመለስ አደጋ ነው።

ዋልካ የያዘ ጫማ እርጥብ ሳለ አይፋቅ፤ ሲደርቅ በብሩሽ ይራገፍ። ከታጠበም በቀዝቃዛ ውኃ፣ ጋዜጣ ተጠቅጥቆበት ጥላ ሥር ይድረቅ፤ ፀሐይና ምድጃ ማጣበቂያውን ይፈቱታል።