የቮልስ የፊት መብራት፦ ሪሌ ይሻላል ወይስ ኤልኢዲ?

አሮጌ ቮልስ ካላችሁ ማታ ግማሽ ሰዓት ያህል መብራት አብርታችሁ ንዱና ማብሪያውን በጣት ንኩት። ከጋለ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተታችሁ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው።

የፊት መብራቱ ኃይል በሙሉ የሚያልፈው በዚያች ትንሽ ማብሪያ ውስጥ ነው። ፊውዙ ደግሞ ያለው ከሷ በኋላ ነው። ከባትሪው እስከ ማብሪያው ያለው ገመድ ተልጦ ቦዲ ከነካ የሚያቋርጠው ነገር የለም። በእሳት ይያያዛል።

ብዙ ሰው መብራቱ ሲደክምበት ባለ 100 ዋት አምፖል ይገዛል። ሁለቱ ሲበሩ 17 አምፔር ገደማ ይስባሉ። ፊውዙ ይቃጠላል፣ ከዚያ የሲጋራ ብርማ ወረቀት ይጠቀለልበታል። እባካችሁ!

ኤልኢዲ የሚስበው ትንሽ ነው። ባለ 25 ዋት ከሆነ ሁለቱ 4 አምፔር አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ማብሪያው አይግልም። ግን የቮልስ ፋኖስ የተሠራው ለክር አምፖል ስለሆነ ብርሃኑ ይበተናል። ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ያጠፋል። ያረጀው ገመድም እንዳረጀ ይቀራል። ለኋላ መብራት ብገዛው አይቆጨኝም፤ ለፊት ግን አልገዛም።

የኔ ምርጫ ሪሌ ነው (በትንሽ ኃይል ታዞ ትልቁን ኃይል የሚያገናኝና የሚያቋርጥ መቀያየሪያ)፣ አንድ ለረጅም አንድ ለአጭር መብራት። ማብሪያው ሪሌውን ብቻ ያዛል። ዋናው ኃይል በአዲስ ወፍራም ገመድ ከባትሪ ይመጣል፦ በሪሌው 30 ቁጥር እግር ይገባል፣ በ87 ቁጥሩ ወደ አምፖሉ ይወጣል። 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድና ባለ 20 አምፔር ፊውዝ ለመደበኛ ባለ 55/60 ዋት አምፖል ይበቃሉ። ፊውዙ ባትሪው ጎን ይሁን። መብራቱ ጋ ከገባ ገመዱ እንደገና ጠባቂ የለውም።

ከመለዋወጫ ገበያ፣ ለምሳሌ ከሱማሌ ተራ፣ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን የሪሌ ገመድ ከነሶኬቱ ከመግዛታችሁ በፊት ርዝመቱን ለኩ። ብዙው ባትሪያቸው ከፊት ላለ መኪኖች የተሠራ ነው፤ የቮልስ ባትሪ ግን ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ያጠረውን በናስትሮ ከመቀጠል ገመድ በሜትር ገዝቶ ማሠራት ይሻላል። መኪናው ባለ 6 ቮልት ከሆነም (ከ1967 እ.ኤ.አ. ሞዴል በፊት ያሉት በብዛት እንደዚያ ናቸው) ባለ 12 ቮልት ሪሌ አይሠራም።

ገመዱን ለመዘርጋት ወንበሩን ስታነሱ የባትሪው ክዳን መኖሩን እዩ። ከሌለ ከበድ ያለ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ስፕሪንግ የባትሪውን ፖል ይነካና ኮንታክት ይፈጥራል። የድሮው ወንበር ሙሌት ደግሞ እንደ ጭድ ነው፣ እሳት ለመያዝ ጊዜ አይወስድበትም።