ሪኮታ ወይስ ኮቴጅ ቺዝ፦ በአይብ ፋንታ የትኛውን ልግዛ ለምትሉ

ውጭ አገር አይብ ያማረው ሰው መጨረሻው ሱፐርማርኬት ሄዶ ወይ ሪኮታ ወይ ኮቴጅ ቺዝ ይዞ መምጣት ነው፣ ከዛ ክርክሩ ይጀመራል፣ አንዷ ሪኮታው ነው አይብ የሚመስለው ትላለች፣ ሌላዋ ኧረ ኮቴጁ ነው ትላለች፣ ወሬው ግን ሁሌ ስለ ጣዕም ነው። ስለ ጤናው የሚያነሳ ብዙም አላየሁም። ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም ለስላሳ ስለሆኑ አንድ አይነት ይመስሉናል እንጂ ግፊት ወይ ኮሌስትሮል ላለበት ሰው ልዩነታቸው ቀላል አይደለም።

መጀመሪያ የኛን አይብ እንይ። እርጎው ተንጦ ቅቤው ከወጣ በኋላ የሚቀረው አሬራ ቀስ ተብሎ ሲሞቅ ይረጋል፣ አጓቱ ተንጠፍጥፎ ሲወጣ የቀረው አይብ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ስብ ከቅቤው ጋር ሄዷል ማለት ነው፣ ሲሰራ ደሞ ጨው አይገባበትም። እንደ አናናጡ ይለያይ እንጂ 100 ግራም አይብ ውስጥ 15 ግራም ገደማ ፕሮቲን እና 2 ግራም ገደማ ስብ አለ። ስቡም ትንሽ፣ ጨዉም ትንሽ። ከሱፐርማርኬቱ ሁለቱ ግን አንዳቸውም ይሄን ሁለቱንም አይሰጧችሁም፦ ኮቴጅ ቺዝ በስቡ ማነስ አይብን ይመስላል ግን ጨው አለው፣ ሪኮታ ጨው የለውም በሚባል ደረጃ ነው ግን ስብ አለው። ምርጫው በቃ ይሄ ነው፣ እናንተን የሚያሰጋችሁ የትኛው ነው ነው ጥያቄው።

ቁጥሩን በ100 ግራም ላስቀምጠው፣ ከብራንድ ብራንድ ትንሽ ይለያያል ግን ከዚህ ብዙ አይርቅም። ኖርማሉ 4% የሚባለው ኮቴጅ ቺዝ 100 ካሎሪ ገደማ፣ 11 ግራም ፕሮቲን፣ 4 ግራም ከምናምን ስብ፣ ከ300 እስከ 400 ሚሊግራም ሶዲየም (ጨው ውስጥ ያለው፣ ግፊት የሚያስነሳው ነገር)፣ 85 ሚሊግራም አካባቢ ካልሺየም አለው። ከሙሉ ወተት የተሰራው ሪኮታ ከ150 እስከ 175 ካሎሪ፣ ከ7 እስከ 11 ግራም ፕሮቲን፣ ከ10 እስከ 13 ግራም ስብ፣ ሶዲየሙ 100 ሚሊግራም አካባቢ፣ ካልሺየሙ ግን 200 ገደማ። ፓርት ስኪም የሚለው (ቅባቱ በከፊል ከወጣለት ወተት የተሰራው) ሪኮታ ስቡ ወደ 8 ይወርድና ካልሺየሙ እንደውም ይጨምራል፣ እሱን ያዙት በኋላ እመለስበታለሁ።

ዕቃው ላይ ስታነቡ ግን እንዳትሸወዱ። አሜሪካ ውስጥ የኮቴጅ ቺዝ ሰርቪንግ (ለአንድ ጊዜ ተብሎ የሚቆጠረው መጠን) ግማሽ ካፕ ነው፣ 110 ግራም አካባቢ፣ የሪኮታ ሰርቪንግ ግን ሩብ ካፕ ነው፣ 60 ግራም ቢሆን ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ይዛችሁ ስታነቡ ሪኮታው 100 ካሎሪ ኮቴጁ 110 ካሎሪ ሊል ይችላል፣ እኩል ናቸው እኮ ብላችሁ ሪኮታውን ጋሪው ውስጥ ትጥላላችሁ፣ ግን ሪኮታው የተቆጠረው በግማሽ መጠን ነው። የካምፓኒዎቹ ተንኮል አይደለም፣ መመሪያው ሪኮታን ላዛኛ ምናምን ውስጥ እንደሚገባ ነገር ስለሚያየው ነው፣ እኛ ደሞ በእንጀራ ጠቅለል አድርገን ነው የምንበላው፣ ሩብ ካፕ ለኛ ምን አላት። አውሮፓ ያላችሁ እዚህ ላይ ተገላግላችኋል፣ እዛ ሁሉም በ100 ግራም ነው የሚጻፈው፣ ግን ሶዲየም ሳይሆን ጨው ብለው ነው የሚጽፉት፣ ስለዚህ 0.8 ግራም ጨው የሚል ካያችሁ ወደ 320 ሚሊግራም ሶዲየም ነው፣ በ2.5 እያካፈላችሁ አስቡት።

አሁን ወደ ጨዉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ2000 ሚሊግራም ሶዲየም በታች ነው። አንድ ካፕ ኮቴጅ ቺዝ ብትበሉ 800 አካባቢ ገባ ማለት ነው፣ ከአንድ ቀኑ ላይ 40 በመቶ፣ ገና ወጡና ሚጥሚጣው ሳይቆጠር። እና ሚጥሚጣ ራሱ ጨው አለበት አይደል። ግፊት ላለባቸው እናቶችና አባቶች፣ ልባቸው ውሃ እንዳይቋጥር ሐኪም ጨው ለከለከላቸው፣ ኮቴጁ አይብ ስለሚመስል ብቻ ምንም አይልም ብሎ ማቅረብ ትክክል አይመስለኝም። ለነሱ ሪኮታው ይሻላል፣ ወይ ደሞ ኖ ሶልት አዲድ (ጨው ያልተጨመረበት) የሚል ኮቴጅ ቺዝ አለ፣ ሁሉም ሱቅ አይገኝም ግን ካገኛችሁ ለግፊትም ለስብም የሚሆን ከሁሉም የተሻለው እሱ ነው፣ ሳታቅማሙ ግዙት።

ካላገኛችሁ እጠቡት። ኮቴጅ ቺዝ ውስጥ ያለው ጨው በአብዛኛው ያለው ፍርፍሩ ላይ በሚፈስበት ክሬም ውስጥ ነው። ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት ላይ ገልብጡትና ቀዝቃዛ ውሃ ክፈቱበት፣ በእጃችሁ ቀስ እያላችሁ አገላብጡት፣ መጀመሪያ ወተት የመሰለ ውሃ ይወርዳል፣ ትንሽ ቆይቶ ውሃው ኩልል ይላል፣ ያኔ አቁሙ። ወንፊቱ ላይ የሚቀረው ነጭ ፍርፍር ነው፣ ንጹህ ጨርቅ ውስጥ አድርጋችሁ ጨመቅ አድርጉትና አንድ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አንጠልጥሉት ወይ ወንፊቱ ላይ ተዉት። ጨዉ በብዛት ይቀንሳል፣ ስቡም ከክሬሙ ጋር ይቀንሳል፣ ፕሮቲኑ ይቀራል። የሚጎዳው ካልሺየሙ ነው፣ ከውሃው ጋር የሚሄድ አለ። እና ጥርስ ላይ ትንሽ ጎማ ጎማ ይላል፣ እሱን በሹካ ደህና አድርጎ መፍጨት ነው ወይም ብሌንደር ውስጥ ጠቅ ጠቅ ማድረግ፣ ብዙ ካዞራችሁት ግን ክሬም ይሆንባችኋል። ከዛ ኮሰረት ጣል አድርጋችሁበት ክትፎ ጎን ብታስቀምጡት የሚለየው ሰው ጥቂት ነው።

ክትፎ ካነሳን፣ የሪኮታው ችግር እዚህ ነው የሚመጣው። ግማሽ ካፕ የሙሉ ወተት ሪኮታ ከ8 እስከ 10 ግራም ሳቹሬትድ ፋት (ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርገው የስብ አይነት) አለው። በቀን 2000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው ጣሪያው 20 ግራም አካባቢ ነው፣ ኮሌስትሮሉን ማውረድ ላለበት ደሞ የአሜሪካ የልብ ማኅበር 13 ግራም አካባቢ ነው የሚለው። አይብ ከክትፎ ጋር የሚቀርበው ቅቤውንና ሚጥሚጣውን እንዲያበርድ ነው፣ ሪኮታ ስታደርጉ ግን በቅቤ ላይ ሌላ ቅባት መጨመር ነው የሚሆነው። ሥጋው፣ ንጥር ቅቤው፣ ሪኮታው፣ ተደማምሮ የት እንደሚደርስ አስቡት። እኔ በበኩሌ በጣዕሙም ክትፎ ላይ አይመቸኝም፣ ጣፈጥ ይላል፣ አይብ ያቺን ኮምጠጥ የምትል ነገር ካላመጣ ምን አይብ ነው። ጎመን በአይብ ላይ ግን ሪኮታ በጣም ጥሩ ነው፣ ጎመኑ ላይ ቅቤውን ቀነስ አድርጋችሁ ሪኮታው ራሱ እንዲያለሰልሰው ማድረግ ትችላላችሁ።

ካልሺየሙ ለምን እንደሚለያይ ግልጽ ነው፣ ሁለቱም ወተት ናቸው ግን ያረጋጋቸው ነገር ሌላ ነው። ኮቴጅ ቺዝ ሲሰራ ቅባቱ የወጣለት ወተት ቀስ እያለ እንዲኮመጥጥ ይደረጋል፣ ኮምጣጣው ካልሺየሙን ያሟሟውና ከአጓቱ ጋር ይወጣል፣ ከዛ ፍርፍሩ ይታጠባል። ሪኮታ ግን በከባድ ሙቀት ነው፣ ጣሊያኖቹ ሌላ ቺዝ ሰርተው የተረፋቸውን አጓት ሊፈላ እስኪል ያሞቁና የሚንሳፈፈውን ይለቅሙታል (አሜሪካ የሚሸጠው ላይ በአብዛኛው ወተት ይገባል)፣ ኮምጣጣው ያን ያህል ስለማይበዛ ካልሺየሙ አብሮ ይቀራል። አዋቂ ሰው በቀን 1000 ሚሊግራም ካልሺየም ያስፈልገዋል፣ ከ50 ዓመት በላይ ለሆኑ ሴቶች 1200 ነው። ስለዚህ እድሜያቸው ለገፋ፣ አጥንታቸው እየሳሳ ነው ለተባሉ፣ በዛ ላይ ግፊት ላለባቸው፣ ቅድም ያልኳችሁ ፓርት ስኪም ሪኮታ ነው ምርጫው፣ 100 ግራሙ 270 ሚሊግራም አካባቢ ካልሺየም አለው። አንድ ነገር ብቻ፣ የታይሮይድ ኪኒን (ሌቮታይሮክሲን) የሚወስድ ሰው ካልሺየም የበዛበት ነገር ከኪኒኑ ጋር አያጋጥም፣ 4 ሰዓት ያራርቅ፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዶክሲሳይክሊን የመሳሰሉ አንቲባዮቲኮችም ከወተት ነገር ጋር አይስማሙም፣ ፋርማሲውን ጠይቁ።

ጅም ለምትሄዱና ኪሎ ለምትቀንሱ ብዙ ማሰብ የለበትም፣ ኮቴጅ ነው። በ100 ካሎሪ 11 ግራም ፕሮቲን ነው የሚሰጠው፣ 1% የሚለውን ከወሰዳችሁ ወደ 17 ይጠጋል፣ የሙሉ ወተት ሪኮታ ግን በ100 ካሎሪ ከ5 እስከ 6 ተኩል ነው። ስኳር ላለበት ሰው ሁለቱም ደህና ናቸው፣ ካርቦሃይድሬታቸው በ100 ግራም ከ3 እስከ 7 ግራም ቢሆን ነው፣ ፍራፍሬ የተጨመረበትን ትንንሹን ኮቴጅ ግን ተዉት፣ ስኳር አለበት።

ወተት ሲጠጡ ሆዳቸው ለሚነፋ፦ ሁለቱም ላክቶስ (የወተት ስኳር) አላቸው፣ እንደቆየ ደረቅ ቺዝ አይደሉም፣ ግን ግማሽ ካፕ ውስጥ ያለው ከአንድ ብርጭቆ ወተት በጣም ያንሳል፣ ብዙ ሰው ይችለዋል። ካልቻላችሁ ላክቴይድ የሚባለው ብራንድ ላክቶስ የሌለው ኮቴጅ ቺዝ ይሠራል።

እርጉዝ ለሆናችሁ ደሞ ጥያቄው ሪኮታ ወይስ ኮቴጅ አይደለም፣ ፓስቸራይዝድ (ጀርሙ እንዲሞት ከተሞቀ ወተት የተሰራ) ነው ወይ ነው። ሱፐርማርኬት ያሉት በአብዛኛው ፓስቸራይዝድ ስለሆኑ ሁለቱም ይበላሉ፣ አንብባችሁ ግን አረጋግጡ፣ ከተከፈተ በኋላም አታቆዩት፣ ሊስቴሪያ የሚባለው ባክቴሪያ ፍሪጅ ውስጥም ስለሚራባ። እኔን የሚያሳስበኝ ሰው ከአገር ቤት በኮባ ጠቅልሎ የሚያመጣው አይብ ነው። አሬራው የሚሞቀው በእጅ ግምት ነው፣ ጥሬ ወተት ከነበረ ብሩሴላም ሊስቴሪያም ሊኖር ይችላል፣ ከዛ ስንት ሰዓት መንገድ ላይ ቆይቷል። ቅር እንዳይላቸው ተቀበሉ፣ ግን አትብሉት። ለሕፃናት ደሞ፣ ከ6 ወር በኋላ ምግብ ለጀመረ ልጅ ፓስቸራይዝድ የሆነ የሙሉ ወተት ሪኮታ ይሻላል፣ ለነሱ ስቡ ያስፈልጋል፣ ጨዉ ነው የማያስፈልጋቸው።

አሜሪካ ያልሆናችሁ፦ እስራኤል ላላችሁ ኮቴጅ ምን እንደሆነ መንገር አያስፈልግም፣ በፈረንጆቹ 2011 ዋጋው ተወደደ ብሎ ሕዝቡ አልገዛም ያለበት አገር ነው፣ እዛ የተለመደው 5% ነው፣ 3%ም አለ። ስዊድን ኬሶ፣ ጀርመን ሁተንኬዘ ብላችሁ ፈልጉ። ገልፍ አገር ላላችሁ ግን ከሁለቱም በፊት የግብፆቹን ቀሪሽ የሚባለውን ቺዝ እዩት፣ ቅባቱ ከወጣለት ከኮመጠጠ ወተት ነው የሚሰራው፣ ባህሪው ከሁለቱም በላይ ወደ አይብ ይጠጋል፣ ጨው ግን ስለሚገባበት እሱንም ማጠብ ነው።

መጠኑን በተመለከተ፣ ጾም የምትጾሙ ከሆነ ትልቁን ዕቃ ማክሰኞ ማታ አትክፈቱ። ከተከፈተ በኋላ ሁለቱም አንድ ሳምንት ቢቆዩ ነው፣ ረቡዕና አርብ ሲወጣ ስንት ቀን ቀራችሁ። ለፋሲካ ገዝታችሁ የተረፈ ሪኮታ ፍሪዘር ውስጥ ይገባል፣ በኋላ ጎመን ውስጥ ለመጨመር ይሆናል፣ ኮቴጅ ግን ሲቀልጥ ውሃና ፍርፍር ይሆናል።

ሁለቱም ካልጣሟችሁ ባተርሚልክ (የሱፐርማርኬት አሬራ በሉት) አለ። ዝቅተኛ ስብ ያለውን ገዝታችሁ ድስት ውስጥ በጣም ዝቅ ባለ እሳት ላይ ጣዱት፣ አታማስሉት፣ ጠርዙ ጋ አጓቱ ጥርት ብሎ ሲለይ እሳቱን አጥፍታችሁ እስኪበርድ ተዉት፣ ከዛ በጨርቅ አጥልሉት። ብዙዎቹ ባተርሚልኮች ውስጥ ጨው አለ፣ ግን ጨው ከውሃው ጋር ስለሚሄድ አብዛኛው አጓቱ ውስጥ ይቀራል፣ አጓቱን ለዳቦ ማቡኪያ ካደረጋችሁት ሊጡ ላይ ሌላ ጨው አትጨምሩ።